የቀኙ በር ለምን አልገጠመም? የአንድ አሮጌ ኤምጂቢ ጥያቄና 18 ምላሾቹ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የመኪና መወያያ መድረክ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከቤቴ ጎን ባለው ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚገለጥ የ1970 ኤምጂቢ መኪና ቆሟል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝ አገር አቢንግዶን ላይ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢ ተገጣጥሟል፤ ብዙው ወደ አሜሪካ ስለተላከ እዚህ መኪናውን ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ዝገት ያልበላውን ማግኘት ነው። የእኔው ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጨው በሚበተንበት መንገድ ላይ ለዓመታት የተነዳ ነው።

የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የጎን ላሜራ) ታችኛው ክፍል ስለበሰበሰ አዲስ ገዛሁ። የኤምጂቢ የፊት ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር እንጂ የሚበየድ ስላልሆነ የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር። አሰርኩት፤ ከበሩ ጋር ግን አልገጠመም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከኋላ በኩል በሩ ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የፓራፋንጎው እንደሆነ ገምቼ፣ ጠርዙን በግራይንደር ልቁረጠው ወይስ ለሻጩ ልመልሰው ብዬ ጠየቅኩ፤ ሦስት ፎቶም አያያዝኩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን በቅደም ተከተሉ እተርካለሁ፤ የሰዎቹን ቃል ግን እንዳለ አልገለብጥም።

1ኛ ምላሽ፦ ከዳላስ ነው፤ እሱም ኤምጂቢ አለው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ በትሕትና ጀመረ። በፋብሪካው የድሮ ማተሚያ (ላሜራውን ተጭኖ ቅርጽ በሚሰጠው ማሽን) ያልተሠሩ ፓራፋንጎዎች ቅርጻቸው ከመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እንደሚለይ፣ በተለይ ወደ በሩ የሚጠጋው ኩርባ እንደማይመጣላቸው አስረዳ። ከመቁረጤ በፊት ብሎኖቹን ሁሉ አላልቼ፣ ቀዳዳዎቹን በክብ ሞረድ ትንሽ አስፍቼ፣ ፓራፋንጎውን ወደ ፊት እንድገፋው መከረኝ። አሮጌውን እንዳልጥልም አሳሰበ። ይህችኛዋ ምክር ወደ መጨረሻው ላይ በጣም ጠቅማኛለች።

2ኛ ምላሽ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በባቲላሜራ ሥራ፣ የመኪና ላሜራ በማቃናት፣ የሚተዳደር ሰው ነው። ነገሩ ይህን ያህል እንደማያስጨንቅ፣ ከላይ ትንሽ ሞርዶ ከታች ሲደርቅ በሚጠነክረው መሙያ፣ በስቱኮ፣ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ እንደሚበቃ፣ እሱ ቢሆን በማግስቱ ቀለም ቤት እንደሚያስገባው ጻፈ። አጭር ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም።

3ኛ ምላሽ፦ የውይይቱን አቅጣጫ የለወጠው ይኼ ነው። ጸሐፊው እንግሊዝ አገር ኮቬንትሪ፣ አሮጌ መኪና በሚያድስ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ሁለቱንም አረመ፤ ቃሉ ትንሽ ይቆረቁር ነበር። ከሁሉ በፊት የጠየቀው ፓራፋንጎውን ከማሰሬ በፊት የበሩን ማጠፊያ ነክቼ እንደሆነ ነው። ከዚያ ምክንያቱን ዘረዘረ። ኤምጂቢ ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚይዘው አካሉ ራሱ ነው። ጣሪያ ስለሌለው ደግሞ የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ ቀጥ የሚያደርገው በዋናነት ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው የብረት ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን ደፍ እንበለው፤ የውስጥ ላሜራ፣ የውጭ ላሜራ፣ በመሐላቸው የቆመ ሌላ ላሜራና ከሥራቸው የሚያስራቸው ሌላ የብረት ላሜራ አለው። መሐለኛው ሲዛግ ከውጭ አይታይም። ደፉ ሲደክም መኪናው ወገቡ ላይ ይረግባል፤ የማጠፊያው ምሰሶና የመቆለፊያው ምሰሶ በአናታቸው ይቀራረባሉ፤ በሩም የኋላ ጫፉ ዝቅ ይላል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ማጠፊያውን በማስተካከል በሩን ቀና ሲያደርገው ኋላው ያምራል፤ የበሩ የፊት አናት ግን ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ከላይ 2፣ ከታች 8 የሚለው ቁጥር የዚህ ምልክት እንደሆነ፣ ፓራፋንጎውን መቁረጥም የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማከም እንደሆነ ጻፈ። መፈተኛም ሰጠኝ፦ በደፉ ሥር፣ ከበሩ መሐል ግድም፣ ጣውላ አስደግፌ መኪናውን በክሪክ ቀስ እያልኩ እንዳነሣና የበሩ ክፍተት ይንቀሳቀስ እንደሆነ እንድለካ።

4ኛው የራሴ ነው። ማጠፊያውን መንካቴን አመንኩ። ከወር በፊት ምሰሶውና ማጠፊያው መካከል ከሚገቡት ስስ ማስጠጊያ ላሜራዎች አንዷን ከላይኛው አውጥቼ በታችኛው ጨምሬ ነበር፤ በሩ በኋላ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስላየሁት። የክሪኩንም ፈተና አደረግሁ። ጎማዎቹ መሬቱን ሳይለቁ በበሩ የኋላ አናት ላይ ያለው ክፍተት በ3 ሚሊ ሜትር ሰፋ። በግራው በኩል ስሞክረው ፈቅ አላለም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በዚያ መኪና ልጄን ይዤ ሰፈሩን ዞሬበታለሁና።

5ኛው ባለአንድ መስመር ነው፤ መኪናውን ሽጬ ቶዮታ እንድገዛ የሚል። አላየሁትም ብሎ ማለፍ ይሻላል።

6ኛ ምላሽ፦ በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሜሪላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ወጣትነታቸውን በአዲስ አበባ ጋራዦች ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ሲጽፉ ዝርዝር አይሰለቻቸውም። የኮቬንትሪው ልጅ ያለውን ደገፉ፤ ነገር ግን ክሪክ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መለካት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ከማጠፊያው ምሰሶ አናት እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ሥር፣ ከዚያም ከሥር ወደ አናት፣ በሁለቱም በር በሰያፍ ለክቼ ቀኙን ከግራው ጋር እንዳስተያይ። ሜትር ሲታጠፍ ስለሚዋሽ ቀጭን ዘንግ ቆርጬ፣ ጤነኛው በር ላይ ልክ አድርጌ፣ ወደ ታመመው እንድወስደው። እሳቸው የተማሩት በእንጨት ዘንግ ነበር። ቀጥለው አንድ ቮልስዋገን አነሡ። የቮልስም ፓራፋንጎዎች በብሎን የሚታሰሩ ናቸው። አንድ ደንበኛ የተገጨ ቮልስ አምጥቶ አዲስ ፓራፋንጎ ሲታሰርለት ቀዳዳዎቹ አልገናኝ አሉ፤ ረዳቶቹ አዲሱን እየደበደቡ ሊያስገቡት ሲታገሉ፣ አለቃቸው አስቁሟቸው ፓራፋንጎው የሚታሰርበትን የአካሉን ክፍል በዘንግ ለካ። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሱን ስበው ካወጡት በኋላ ፓራፋንጎው ያለ መዶሻ ገባ። እዚህ ላይ ጋሼ ታሪኩን አቆሙ፤ እኔም ዘንግ ልቆርጥ ወጣሁ።

ቀኙ በአንዱ ሰያፍ 5 ሚሊ ሜትር ያጥር ነበር።

7ኛ ምላሽ፦ የአዲስ አበባው ባቲላሜራ ተመለሰ፤ አሁን ቃሉ ስል ነበር። ስቱኮ ብሎ ስለመከረ እንደ አጭበርባሪ መታየቱ እንዳስከፋው ጻፈ። እንግሊዝ የተቀመጠ ሰው ስልክ ደውሎ የፋብሪካ ላሜራ በሳምንት እንደሚደርሰው፣ እሱ ግን ሶማሌ ተራ ዞሮ ያላገኘውን ነገር ከጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ፣ በመዶሻና በማስደገፊያ ብረት ቀጥቅጦ ራሱ እንደሚያወጣው፤ ደንበኛውም መኪናው ሰኞ ሥራ ላይ ካልዋለ ቤተሰቡ እንደሚራብ ገለጸ። ስቱኮን የሚጠቀመው አለማወቅ ይዞት ሳይሆን ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቀው ነው። እውነቱን ነው። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ለፍቅር የምሠራውን እሱ ለእንጀራ ይሠራዋል። ቢሆንም በእኔ መኪና ላይ የሰጠው ምክር ትክክል አልነበረም፤ የረገበ ወገብ በስቱኮ አይቀናም፤ ይህንኑ በአክብሮት ጻፍኩለት።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያለው ከጉዳዩ ወጣ። አንዱ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ (የሞተሩ ክዳን)፣ ባቲላሜራ እያልን በጣሊያንኛ የምንነጋገረው እስከ መቼ ነው ብሎ አነሣ። ሌላው የሙያው ቃል ከጣሊያን ጋራዦች ገብቶ አማርኛ ከሆነ ዘመን እንደሌለው፣ ካቻቢቴና ዳዶ የማይል መካኒክ እንደሌለ መለሰ። ሦስተኛዋ፣ ለንደን የምትኖርና ጣሪያው ብረት የሆነውን፣ በ1965 የወጣውን ኤምጂቢ ጂቲ የምትነዳ እኅት ናት። የቃሉን ክርክር በአንድ አረፍተ ነገር ዘጋችው፦ መለዋወጫ የሚታዘዘው ከእንግሊዝ ካታሎግ ስለሆነ፣ አሜሪካ ያለን ሰዎች ፈንደር የምንለው እዚያ ዊንግ፣ ሁድ የምንለው ቦኔት እንደሚባል ካላወቅን የተሳሳተ ሳጥን ቤታችን እንደሚመጣ አስጠነቀቀች። ከዚያ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። በሩን ከማስተካከሌ በፊት በሩን ራሱን እንዳየው ጠየቀች፤ የኤምጂቢ በር ላሜራ ከትንሿ የሦስት ማዕዘን መስኮት ሥር መሰንጠቅ የታወቀ ጠባዩ ነውና። ወጥቼ አየሁ። ጥፍር የምታህል ስንጥቅ፣ በቀለም ተሸፍና፣ ልክ ባለችው ቦታ ነበረች። ይህችን ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጠይቅ የምቆርጠው ነገር የለም።

11ኛ ምላሽ፦ ከሽቱትጋርት ነው። ስቱኮ ካልተፈለገ የድሮ ፋብሪካዎች እንዳደረጉት በእርሳስ መሙላት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። 30 እጅ ቆርቆሮ፣ 70 እጅ እርሳስ የሆነው ዘንግ ከ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ ከዚያ እስከ 255 ግድም ድረስ እንደ ሊጥ ሆኖ ስለሚቆይ በሰም ወይም በሞራ በተቀባ የእንጨት ማንኪያ ይዳመጣል። ውኃ አይጠጣም፣ እንደ ስቱኮ ከጠርዝ ላይ አይፈረፈርም። ለበር ጠርዝ ከዚህ የተሻለ እንደሌለ ነው የሚያምነው።

12ኛው ቁጣ ነበረበት። የሕክምና ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው፣ እርሳስን እንዲህ እንደ ቀላል ነገር ማውራት ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ተነሣ። እርሳስ በማሽን ከተፈጨ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በልብስ ተሸክመውት ቤት ከገቡ ደግሞ ልጆችን ይጎዳል። የሽቱትጋርቱ ሰው በማሽን ፍጩ እንዳላለ መለሰ፤ እርሳስ በሞረድ ብቻ እንደሚላግ፣ ፍቅፋቂው ተሰብስቦ እንደሚወገድ መጀመሪያ አለመጻፉ ግን ስሕተት እንደነበር በዚያው ሥር አምኖ አረመ። ከሥራ በኋላም እርሳሱ ብረቱን እንዲይዝ የሚቀባው ማጣበቂያ አሲድ ስላለው በቤኪንግ ሶዳና በውኃ ታጥቦ አሲዱ መክሸፍ እንዳለበት፣ ያ ካልተደረገ ቀለሙ ከሥሩ እንደሚነሣ ጨመረ። እኔ ቤቴ ትንሽ ልጅ ስላለ እርሳሱን ተውኩት።

13ኛና 14ኛ ምላሾች እርስ በርስ ተጣሉ። አንደኛው፣ እኔም የማውቀው በአትላንታ የሚኖር ጓደኛ፣ ይህን ሁሉ ከምለፋ አዲስ አካል እንድገዛ መከረ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ከ1988 ጀምሮ የኤምጂቢን ሙሉ አካል በፋብሪካው የመጀመሪያ ማተሚያዎች መልሶ እየሠራ ይሸጣል፤ በሩ፣ ፓራፋንጎውና ኮፋኖው እዚያው ተገጣጥመው ይመጣሉ። የ14ኛው ጸሐፊ ይህ ማደስ አይደለም፣ አሮጌውን ቀብሮ ስሙን ለአዲስ መስጠት ነው ብሎ ተቃወመ። ከዚያ ያለ የሌለ ቃል ተወራወሩ፤ አወያዩ ሁለቱን ለአንድ ቀን ዝም አሰኛቸው። አካሉ እንዳለ ለበሰበሰ መኪና አዲሱ አካል በረከት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የእኔው ግን ግራ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ግማሹ ጤነኛ የሆነ መኪና ነው። ጤነኛውን ግማሽ ልጥል አልፈለግሁም።

15ኛው የእኔ ረጅም ሪፖርት ነው፤ ከ11 ቅዳሜና እሑድ በኋላ የተጻፈ። ጥያቄዬን ለሚፈልግ ሰው ይህን ማንበብ ይበቃዋል።

መኪናውን ከፊት በመስቀለኛው ተሸካሚ፣ ከኋላ በአክሰሉ ሥር አስደገፍኩ፤ አካሉ በጎማው እንደቆመ ያህል እንዲያርፍ። በደፉ ሥር የሚደገፍ መኪና ልኩን አይሰጥም። ከመቁረጤ በፊት በሁለቱም በሮች አፍ፣ በሩን ከመዝጋት እንዳይከለክል ከውስጥ በኩል፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ ከላይና ከታች ብረት በየድኩ። በቀኙ የላይኛው ላይ ሲጠመዘዝ የሚረዝም ዘንግ አስገባሁ። በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞርኩ፣ በወገቡ ሥር ክሪኩን እየተከተልኩ፣ የጋሼ ዘንግ ከግራው ጋር እኩል እስኪሆን ምሰሶዎቹን አራራቅሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ።

ከዚያ ደፉን ከፈትኩት። ያገኘሁትን ሳየው ተናደድኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ያሠራበት ጋራዥ የበሰበሰውን ሳያወጣ በላዩ ሌላ ላሜራ ለብጦበት ነበር። መሐለኛው ላሜራ ከታች አንድ ሦስተኛው የለም፤ በቦታው ግንበኛ የመስኮት ዳር የሚሞላበት አረፋ ተነፍቶበታል፣ አረፋውም ውኃ ይዟል። በዚህ ላይ በስቱኮ ተለስኖ ተቀብቷል። የኋላው ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍም ደፉን ስለሚሸፍንና በብየዳ የተያዘ ስለሆነ እሱንም መቁረጥ ግድ ሆነ። ከእኔ በፊት የሠሩት ሰዎች የሸሹት ያን መቁረጥ ነበር።

አዲሶቹን ላሜራዎች አንድ በአንድ አስገባሁ፤ በሩ ግን ሥራው ሲሠራ ሁሉ ከማጠፊያው አልወረደም። ነጥብ ብየዳ ባደረግሁ ቁጥር በሩን እየዘጋሁ ክፍተቱን እለካለሁ። አንዴ ቸኩዬ በአንድ ቦታ አምስት ነጥብ አከታተልኩና ብረቱ ሲቀዘቅዝ 1 ሚሊ ሜትር ጎተተው፤ ነጥቦቹን በሞላ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ።

መግጠም የጀመርኩት ከኋላ ነው። የኋላው ፓራፋንጎ የተበየደ ስለሆነ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ በሩ ለእሱ ይገዛል፣ የፊቱ ፓራፋንጎ ለበሩ፣ ኮፋኖው ለሁለቱ ፓራፋንጎዎች። ማስጠጊያዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። የዳላሱ ወንድም አትጣል ያለኝን አሮጌ ፓራፋንጎ ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ አድርጌ ሳየው የአዲሱ ኩርባ ከላይ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለይ ነበር። እኔ ግን ግራይንደር ላነሣ የተነሣሁት ለዚያ 1 ሚሊ ሜትር አልነበረም። አሁን የበሩ ክፍተት ከፊት ከ4 እስከ 5፣ ከኋላ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በሪፖርቱ መጨረሻ፣ በኮፋኖው የቀኝ ጠርዝ ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ እሱን ደግሞ በዚያው የብየዳ ሽቦ እያንጠባጠብኩ ጠርዙን እንደማሳድገው ጻፍኩ።

16ኛ ምላሽ፦ የለንደኗ እኅት ወዲያው አስቆመችኝ። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች ኮፋኖ አሉሚኒየም እንደነበር፣ በኋላ ላይ ብረት እንደሆነ፣ ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያዛውሩትም የመኪናውን ዓመት አይቶ መፍረድ እንደማይቻል፣ ዳኛው ማግኔት እንደሆነ ጻፈች። ማግኔቱ አልያዘም። በብረት ሽቦ አሉሚኒየም ላይ ተነሥቼ ነበር፤ ኮፋኖውን አቅልጬ ልጥለው ነበር ማለት ነው። አሉሚኒየም ብየዳ ወደሚያውቅ ሰው ወሰድኩት።

17ኛ ምላሽ፦ የአዲስ አበባው ባለሙያ ነው። ስለ ስቱኮው ያለውን አልለወጠም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ነገር ግን ለብረት በር ጠርዝ የሚሆን አንድ ነገር አስተማረኝ። ጠርዙን ለማሳደግ ሲበየድ ከሥሩ የመዳብ ዘንግ መደገፍ እንዳለበት፤ መዳብ ሙቀቱን ስለሚጠጣ ስሱ ላሜራ እንደማይቃጠል፣ የቀለጠውም ብረት መዳቡን እንደማይዘው። ነጥቦቹ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይሆኑ መጀመሪያ ተራርቀው፣ ከዚያ በመሐላቸው እየተመላለሱ ይሞላሉ፤ እያንዳንዱ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ቆይቶ። የቧንቧ መዳብ በመዶሻ ጠፍጥፎ እንደሚጠቀም ጻፈ። በግራው በር የታችኛው ጠርዝ ላይ ሞከርኩት። ላሜራው ምንም አልተጨማደደም።

18ኛ ምላሽ፦ ጋሼ ናቸው፤ ሁለት መስመር። አዲሱን የበር ጎማ (በበሩ ዙሪያ የሚገባውን ማሸጊያ) ሳላስገባ ቀለም እንዳላስቀባ፤ አዲስ ጎማ ጠንካራ ስለሆነ በሩን ከኋላ ወደ ውጭ ይገፋዋልና፣ አስገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ሳምንታት አስተኝቼ እንድለካ።

ጎማው ከገባ ዛሬ 16 ቀኑ ነው። መጀመሪያ በሩ ከኋላ ፓራፋንጎው 3 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስለካው 1 ተኩል ነው። ቀለም ቀቢው ስልክ ደውሏል፤ ሌላ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቀኝ ነግሬዋለሁ።